ኤጃይል የሶፍትዌር ልማት፦ ሙያና ሥርዓት

ኤጃይል (ቀልጣፋ አሠራር) ሶፍትዌርን በአንድ ትልቅ ዕቅድ ሳይሆን በአጫጭር ዙሮች የመሥራት ዘዴ ነው። ቡድኑ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሠርቶ የደረሰበትን ለተጠቃሚው ያሳያል፤ ከሚያገኘው አስተያየት ተነሥቶም ቀጥሎ የሚሠራውን ይወስናል። ቃሉ ዛሬ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። አንዱ የፕሮግራመሩ የእጅ ሙያ ነው፤ ሌላው የስብሰባ፣ የሰሌዳና የሪፖርት ሥርዓት ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ክርክርና ተመሳሳዩ ጥያቄ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በካፋ ዞን፣ እንዴት እንደሚታይ ይገልጻል።

አመጣጥ

ከኤጃይል በፊት የተለመደው አሠራር «ፏፏቴ» (ዋተርፎል) ይባላል። መጀመሪያ ፍላጎት ይጠናል፣ ንድፍ ይወጣል፣ ኮድ ይጻፋል፣ በመጨረሻም ይፈተሻል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የዚህ አሠራር ምንጭ ተደርጎ የሚጠቀሰው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ጽሑፍ ነው። የሚገርመው፣ ሮይስ ራሱ በዚያው ጽሑፍ አሠራሩ እንዲሁ ከተተገበረ አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቋል። ሥዕሉን የቀዱት ብዙዎች ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበቡት አይመስልም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 ኬንት ቤክ፣ ማርቲን ፋውለር፣ ዴቭ ቶማስ፣ ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድን ጨምሮ 17 ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ ቦታ ተሰብስበው የኤጃይል ማኒፌስቶን አወጡ። ዋናው ሐሳቡ ሰዎችና መግባባታቸው ከሂደትና ከመሣሪያ ይበልጥ ዋጋ ይሰጣቸው የሚል ነው። ሂደት ይቅር አላለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ለውጧል።

ስክረምና የሙያው ጥያቄ

ከኤጃይል ዘዴዎች በጣም የተስፋፋው ስክረም ነው። ሽዌበርና ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 በይፋ አቀረቡት፤ ስሙ ግን ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን በ1986 ካሳተሙት ጽሑፍ የመጣ ነው። ስክረም ሚናዎችንና ስብሰባዎችን ይወስናል፤ ኮዱ እንዴት ይጻፍ፣ እንዴት ይፈተሽ የሚለውን ግን ለቡድኑ ይተወዋል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የኬንት ቤክ «ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ» ነበር፤ ፈተናውን ከኮዱ በፊት መጻፍ፣ ሁለት ሆኖ በአንድ ኮምፒውተር መሥራት፣ የተጻፈውን ኮድ ደጋግሞ ማጥራት የዚህ ዘዴ ልማዶች ናቸው።

ድርጅቶች በብዛት የወሰዱት የመጀመሪያውን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስብሰባ ይታያል፣ በሁለት ቀን ሥልጠና ምስክር ወረቀት ያስገኛል። የእጅ ሙያ ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ አበው «ሙያ በልብ ነው» እንዳሉት ለሪፖርትም አይመችም። ውጤቱን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2009 ገልጾታል፦ ቡድኑ ስክረምን ይጀምራል፣ ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል፣ ከዚያ ኮዱ ስለተዝረከረከ እያንዳንዱ ለውጥ ከባድ ይሆናል። በዚያው ዓመት «የሶፍትዌር ዕደ ጥበብ ማኒፌስቶ» የተባለ ሰነድ ወጣ። ከ17ቱ ፈራሚዎች አንዱ የሆነው ዴቭ ቶማስም በ2014 «ኤጃይል ሞቷል» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አወጣ፤ ቅሬታው በሐሳቡ ላይ ሳይሆን ቃሉን ሸቀጥ ባደረጉት ላይ ነበር።

በአመራር በኩል ችግሩ በቁጥር ይገለጣል። ቡድኖች የሥራን ክብደት በነጥብ ይገምታሉ፤ በአንድ ዙር የተጠናቀቀው የነጥብ ድምር ለቡድኑ የራሱ ዕቅድ መነሻ ነው። አለቃው «ነጥቡ በየወሩ ይጨምር» ሲል ቡድኑ የ3 ነጥቡን ሥራ 5 ብሎ መገመት ይጀምራል። ነጥቡ ያድጋል፤ ሥራው ባለበት ይቆያል።

ሥርዓት ግን ዋጋ ቢስ አይደለም። ሁሉ ነገር በአንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ፣ እሱ በለቀቀ ማግስት ሥራው ይቆማል።

በኢትዮጵያ

ክርክሩ በሌላ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ የታወቀ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተካሄደው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ሥራን ከላይ በተነደፈ ሂደት የመቀየር ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ያስፋፋው ካይዘን ደግሞ ማሻሻያው ከሠራተኛው ራሱ እንዲመነጭ ይፈልጋል፤ ኤጃይልም ከጃፓን የፋብሪካ አሠራር ብዙ ወስዷል። ካይዘንም ቢሆን «አምስቱ ማዎችን» በግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ካላለፈ ያው ሂደት ብቻ ይሆናል።

በሶፍትዌር ረገድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ነው። ሥርዓቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሲሆን በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ይደግፋል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ዓመት 12 ወር ብቻ አለው ብሎ ለተነሣ ፕሮግራመር ጳጉሜን ቦታ የላትም፤ በጳጉሜን የታከመ ሕመምተኛ በየትኛው ወር ይቆጠር? የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። መልሱ ያለው በጤና ጣቢያ መዝገብ ከሚሞላው ባለሙያ ዘንድ ነው፤ እሱን ሳይጠይቁ ስብሰባውን ሁሉ በሰዓቱ ማካሄድ ይቻላል።

የካፋ ቡና ምሳሌ

ከሶፍትዌር ውጭ፣ ሙያና ሥርዓት ሲጋጩ በካፋ ዞን በግልጽ የታየው በቡና ግብይት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀምሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡናን ማገበያየት ያዘ። ቡና ከሚረከብባቸው መጋዘኖች አንዱ ቦንጋ ነው። ደረጃው የሚወጣው በነጥብ ነው፦ 40 ከመቶ ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ከመቶ ለስኒው፤ የስኒው ነጥብ በንጽሕና፣ በአሲድነት፣ በክብደትና በጣዕም ይከፈላል።

ቅጹ ለሁሉም አንድ ነው፤ ነጥቡን የሚሰጠው ግን በልምድ የሠለጠነ የቀማሽ ምላስ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥርዓትና ሙያ ተስማምተዋል። ግጭቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ተመሳሳይ ምድብና ደረጃ ያገኘ ቡና በመጋዘን ይቀላቀል ስለነበር፣ ከጊምቦም ከዴቻም ከገዋታም የመጣው በሽያጭ ላይ አንድ ዕቃ ሆነ። የጫካ ቡናውን የበሰለውን ብቻ እየለየ ለቅሞ በአልጋ ላይ ያደረቀ ገበሬ ለልፋቱ የሚያገኘው ከደረጃው አይዘልም ነበር፤ የውጭ ገዢም ቡናው የማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ገበያው በፍጥነትና በክፍያ አስተማማኝነት ያመጣው ጥቅም እውነት ነው፤ ልዩ ቡና ፈላጊዎች ግን ከጅምሩ ቅሬታ አሰምተዋል።

ማስተካከያው በየደረጃው መጣ። ምርት ገበያው ቡናው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክ መከታተያ ሥርዓት ዘረጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ደግሞ ቡና ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ ትስስር የሚሸጥበትን መንገድ አሰፋ።