ዲቃላው ወይን

አማርኛችን ለአንዳንድ ቃል ምሕረት የለውም። «ዲቃላ» አንዱ ነው። ለበቆሎ ዘር ሲሆን ሙገሳ ነው፤ በሰው ላይ ሲወድቅ ግን ስድብ። ይህ ቃል ባለፈው ፋሲካ፣ ቨርጂኒያ ወንድሜ ቤት፣ ከአፌ አመለጠኝ።

የወንድሜ ልጅ፣ እናቷ ፈረንጅ ናት፣ ዶሮውን በአዋዜና በማር ለውሳ ጠብሳ አቀረበችልን። እኔ የያዝሁትን ቀይ ወይን አንዴ ተጎነጨሁና መለስሁት። አልኮሉ የበረታ፣ የልጣጭ ምሬት ያለበት ወይን የበርበሬን ቃጠሎ ያብሳል። እርሷ የቀዳችልን ነጭ ወይን ግን ጥቂት ጣፋጭነት አለውና ቃጠሎውን አለዘበው፤ ኮምጣጣነቱም ማሩ አፍ ላይ እንዳይከብድ አጠበው። መዓዛው ጽጌረዳን ያስታውሳል። (አባቶቻችን ቀይ ወጥን በጠጅ ማወራረዳቸው ለካ ያለ ነገር አልነበረም!)

ታላቅ እኅቴ «ምን የሚሉት ወይን ነው?» አለችኝ።

«ትራሚኔት፤ ዲቃላ ነው።»

ማዕዱ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን ለመሸፈን ታሪክ ጀመርሁ።

ፊሎክሴራ የምትባል ደቃቃ ተባይ ከአሜሪካ ተሻግራ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየመጠጠች አደረቀችው። የአሜሪካ ወይን ተባይዋን ይችላታል፤ መጠጡ ግን ለፈረንሳዮች አፍንጫ አልተስማማም። ገሚሱ ገበሬ የአገሩን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ ቀጠለ፤ ሌላው ሁለቱን ዘር አዳቀለ። ድቅሎቹ በሽታን ቢቋቋሙም ክብር አላገኙም። በ1934 ፈረንሳይ የስድስት ዝርያዎችን ወይን ከገበያ በሕግ አገደች። በዚያው ዘመን ፊሊፕ ዋግነር የተባለ የባልቲሞር ጋዜጠኛ ፈረንሳይ የናቀቻቸውን ድቅሎች አስመጥቶ ሜሪላንድ ውስጥ ተከለ፤ በ1945ም ቦርዲ የተሰኘውን መጥመቂያ ከፈተ።

ትራሚኔት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1965 ኸርብ ባሬት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጌቩርትስትራሚነር የተባለውን መዓዛማ የአውሮፓ ወይን ከአንድ የፈረንሳይ ድቅል ጋር አዳቀለው። የፈለገው ለመብል የሚሆን ፍሬ ነበር። ተክሉ ኒው ዮርክ፣ ጄኔቫ ወዳለው የምርምር ጣቢያ ተላከ፤ በዚያ የመጠጥ ወይንነቱ ተመሰከረለትና በ1996 ለገበሬዎች ተለቀቀ። ብርድን ከአባቱ ወገን ይሻላል፤ መዓዛውን አልጣለም።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ታዳምጠኝ ነበር። ለካስ ሌላው ሰው ሁሉ ስለ እርሷ ሲሳቀቅ፣ እርሷ ቃሉን አታውቀውም።

«ጋሼ፣ ዲቃላ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

ጠርሙሱን አንሥታ ቀዳችልኝና መልሴን ትጠብቅ ጀመር።