መርከብ ላይ የተሰበሰቡት አርክቴክቶች

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ስለ አንድ ዓለም አቀፍ የአርክቴክቶች ማኅበር ያወጋችኋል። ማኅበሩ የኖረው 31 ዓመት ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን ሰው በከተማ ውስጥ የት ይደር፣ የት ይሥራ፣ በየትኛው መንገድ ይመላለስ በሚለው ጉዳይ ላይ ብዙ መንግሥታት የተቀበሉትን ሐሳብ አፍልቋል። ከአባላቱ በዝና የሚቀድመው ሰው ደግሞ አዲስ አበባን በወረቀት ላይ እንደ አዲስ ሊነድፋት ሞክሮ ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹን ለይተን ካልነገርናችሁ በቀር የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከአንድ ውድድር ይነሳል። የመንግሥታት ማኅበር፣ ያው በ1936 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ቀርበው የሀገራቸውን በደል ያሰሙበት ማኅበር፣ በጄኔቫ ለሚያሠራው ዋና መሥሪያ ቤት ንድፍ ይቅረብልኝ ብሎ ነበር። በ1927 ዳኞቹ ሲቀመጡ 377 ሥራዎች ጠበቋቸው። አንዱን መምረጥ አቅቷቸው ዘጠኙን በእኩል አንደኛ አሏቸው። ከዘጠኙ አንዱ ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው፣ በስዊዘርላንድ ተወልዶ ፓሪስ ላይ የሚሠራው አርክቴክት፣ ከአጎቱ ልጅ ከፒየር ዣንሬ ጋር ያዘጋጀው ሥራ ነበር። ኋላ ግን ንድፋችሁ ደንቡ በሚያዝዘው መሠረት በጥቁር ቀለም አልተሠራም ተባለና ወደቀ። ሥራው ለነባሩ የአሠራር ስልት ታማኝ ለሆኑ አርክቴክቶች ተሰጠ።

በዚያ ዘመን በብረት፣ በሲሚንቶና በመስታወት አዲስ ዓይነት ሕንፃ መሥራት የጀመሩት ወጣቶች በየሀገራቸው ብቻቸውን ነበሩ። የጄኔቫው ውሳኔ ቁጣቸውን አንድ አደረገው። በሰኔ 1928 ኤሌን ደ ማንድሮ የተባለች የኪነ ጥበብ ወዳጅ፣ በስዊዘርላንድ ላ ሳራዝ በሚገኘው ጥንታዊ ግንብ ቤቷ ተቀብላ አስተናገደቻቸው። ከተለያዩ የአውሮፓ ሀገሮች የመጡት አርክቴክቶች ሦስት ቀን ከመከሩ በኋላ መግለጫ ፈርመው ማኅበር መሠረቱ። ስሙ ዓለም አቀፍ የዘመናዊ አርክቴክቸር ጉባኤ ነው። በፈረንሳይኛ ስሙ ምህጻር ሲያም ይባላል። የጽሕፈቱን ሥራ የያዘው ስዊዘርላንዳዊው የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ዚግፍሪድ ጊዲዮን ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ያን ኃላፊነት አልለቀቀም።

መግለጫቸው አርክቴክቸር ከኢኮኖሚውና ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ይያያዝ የሚል ነበር። ቃሉም ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1929 ሁለተኛውን ጉባኤ በፍራንክፈርት ሲያደርጉ አጀንዳቸው አንድ ሠራተኛ ቤተሰብ በክብር ሊኖርበት የሚችለው ትንሹ ቤት ምን ዓይነት ነው የሚል ጥያቄ ሆነ። ፍራንክፈርት የተመረጠችበት ምክንያት አለ። የከተማዋ የግንባታ ኃላፊ ኤርንስት ማይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ቤቶችን አሠርቶ ነበር። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የገባውን ወጥ ቤት የነደፈችው ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች አርክቴክት ናት። ወርዱ ሁለት ሜትር የማይሞላ፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ያልደረሰ ክፍል ነው። የቤቱ እመቤት ከምድጃ ወደ ዕቃ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያው ወደ መደርደሪያ ስትመላለስ የምትራመደው እርምጃ እንዲያጥር ተብሎ እያንዳንዱ ነገር ቦታው ተለክቷል። የብዙ ሺህ ሴቶችን ድካም ለማቅለል እንዲህ የተጨነቀ ሙያ ክብር ይገባዋል። ወደ ኋላ የምነግራችሁን ጥፋት ስትሰሙ ይህን እንዳትዘነጉት እለምናችኋለሁ።

አራተኛው ጉባኤ የታቀደው ለሞስኮ ነበር። ሶቪዬቶች ግን በእነዚያ ዓመታት ፊታቸውን ከዘመናዊው አርክቴክቸር እያዞሩ ነበርና ይቆየን አሉ። ስለዚህ አባላቱ ሌላ መላ ፈለጉ። ጁላይ 29 ቀን 1933 መቶ ያህል አርክቴክቶች፣ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች በማርሴይ ወደብ ፓትሪስ ሁለት በምትባል መርከብ ተሳፍረው ወደ አቴንስ ተጓዙ። ስብሰባው በጉዞው ላይ ተጀመረ፤ በአቴንስ ቀጠለ፤ ሲመለሱም ባሕር ላይ ተካሄደ። ሃንጋሪያዊው ሞሆሊ ናጊ ጉዞውን በፊልም ቀረጸ።

ይዘውት የተሳፈሩት ዕቃ በጣም የሚያስደንቅ ነው። በሰብሳቢው በኔዘርላንዳዊው ኮርኔሊስ ፋን ኤስተረን መሪነት የ33 ከተሞች ካርታ ተዘጋጅቶ ነበር። አምስተርዳም፣ ለንደን፣ አቴንስ፣ ዲትሮይት፣ በእስያም ባንዱንግና ዳላት ይገኙባቸዋል። የከተማው ዋና ካርታ በሁሉም ዘንድ አንድ ሴንቲ ሜትሩ መቶ ሜትር ሆኖ፣ በአንድ ዓይነት ቀለምና ምልክት ተሠርቷል። የድሃው ሰፈር የት እንደሆነ፣ ፋብሪካው ለመኖሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ሠራተኛው በየት በኩል ወደ ሥራው እንደሚሄድ በአንድ እይታ ይነበባል። የተለያዩ ሀገሮችን ከተሞች እንዲህ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማወዳደር ለዚያ ዘመን ትልቅ እርምጃ ነበር።

ከካርታዎቹ የወጣው ሐሳብ ከተማን በአራት ተግባር የሚከፍል ነው። መኖሪያ ለብቻ፣ ሥራ ለብቻ፣ መዝናኛ ለብቻ፤ አራተኛው ሦስቱን የሚያገናኝ መንገድ። አባላቱ ከመርከቧ ሲወርዱ በሐሳቡ አገላለጽ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም ነበር። ከዓሥር ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ ፈረንሳይ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች፣ ሌ ኮርቡዚዬ ነገሩን በራሱ መንገድ አሰናድቶ በ95 ነጥቦች አሳተመው። ዓለም የአቴንስ ቻርተር ብሎ የሚያውቀው ይህን ነው። በመርከቧ ላይ በብዙ ሰዎች ክርክር የተጀመረው ነገር በአንድ ሰው ድምፅ ተነግሮ ደንብ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የፈረሱ ከተሞችን የሚያድሱም፣ ከቅኝ ግዛት ነፃ ወጥተው ዋና ከተማ የሚገነቡም ያን መጽሐፍ ገለጡ። በ1960 የተመረቀችው ብራዚሊያ የሐሳቡ ትልቋ ልጅ ናት።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው በፈረንጆቹ 1936፣ ሌ ኮርቡዚዬ የአዲስ አበባን የንድፍ ሐሳብ በእጁ ሥሎ ለአንድ የጣሊያን አምባሳደር ላከ። በወረቀቱ ላይ ከተማዋን የሚሰነጥቅ ሰፊ ቀጥ ያለ ጎዳና ይታያል። ከጎዳናው ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ በሥርዓት የተሠመረ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ይኖር የነበረው ሕዝብ፣ በየሰፈሩ የተተከለው ቤቱ፣ በየደብሩ ዙሪያ የተሰበሰበው ኑሮው ግን በንድፉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሙሶሊኒ ሐሳቡን አልተቀበለውም። ሥራው ለኢጣሊያውያኑ ለኢኛሲዮ ጉዊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ተሰጠ። የእነሱም ፕላን ነጩን ከጥቁሩ ሰፈር የሚለይ ነበር። በወረራው ዓመታት የአራዳው ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ የተወሰደው በዚሁ የመለየት ዓላማ ነው። የሌ ኮርቡዚዬ ንድፍ ሥራ ላይ ስላልዋለ ብቻ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም ባይ ነኝ። ሰው ተጨቁኖ ባለበት ሰዓት ንድፉን ይዞ ወደ ጨቋኙ መሄድ ለማንም አርክቴክት ነውር ነው፤ የሠራው ሌላ ሥራ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን።

የሲያምን ስህተት ፊት ለፊት የተናገሩት ራሳቸው ወጣት አባላቱ ናቸው። በ1953 በፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በተደረገው ዘጠነኛ ጉባኤ፣ ከሞሮኮ የመጣው ቡድን የካዛብላንካን የቆርቆሮ ሰፈር አጥንቶ በትልልቅ ሰሌዳዎች አቀረበ። ጆርጅ ካንዲሊስና ሻድራክ ዉድስ በዚያ ሰፈር ያሠሯቸው ፎቆች በየደረጃው ግቢ አላቸው። ሞሮኳዊው ቤተሰብ ከለመደው፣ ግድግዳው ከፍ ካለና ከባዕድ ዓይን ከሚሰውር ግቢው እንዳይለይ ታስቦ ነው። ከእንግሊዝ የመጡት ባልና ሚስት አሊሰንና ፒተር ስሚትሰን ደግሞ በምሥራቅ ለንደን ድሃ መንደር ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱ የተነሱ ፎቶዎችን አሳዩ። አራቱን ተግባር ለየብቻ ያስቀመጡት ሊቃውንት የዘነጉት ነገር በነዚያ ሰሌዳዎች ላይ ነበር፤ ሰው የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና የሚጫወትበት ቦታ አንድ መንገድ ሊሆን እንደሚችል።

ሌ ኮርቡዚዬ በ1956 በዱብሮቭኒክ በተደረገው ዐሥረኛ ጉባኤ አልተገኘም፤ ለወጣቶቹ ልቀቁላቸው የሚል ደብዳቤ ላከ። በ1959 በኔዘርላንድ ኦተርሎ ከተሰበሰቡ በኋላ ማኅበሩ ፈረሰ። ከላ ሳራዝ ብዙም በማትርቀው በሎዛን በ1948 የተመሠረተው የዓለም አርክቴክቶች ኅብረት ግን ዛሬም አለ። እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ነበር። ሲያም ለሐሳብ ሲታገል፣ ኅብረቱ የሙያውን ደንብና የንድፍ ውድድሮችን ፍትሕ መጠበቅን ሥራው አድርጓል። በየዓመቱ በኦክቶበር የመጀመሪያው ሰኞ የዓለም የአርክቴክቸር ቀን ተብሎ ይከበራል።

በመርከቧ ላይ የተነሳው ክርክር አላለቀም። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ቤቱ ይሰጠዋል፤ እድሩ፣ ጉሊቱ፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤቱ ግን ፕላኑ ላይ አይታይም። ይህን በካርታ ላይ ማስፈር የሚቻለው ያን ኑሮ የኖሩት ሰዎች ሲናገሩና አርክቴክቱ ሲያዳምጥ ነው። ስለዚህ አድማጮቻችን፣ ገበያው ከአራዳ ሲነሳ አብረው የተነሱ አያቶችና ወላጆች የነገሯችሁ ታሪክ ካለ ጻፉልን። ሱቃቸው የት ነበር፣ ጎረቤታቸው ማን ነበር፣ ሲነሱስ ምን ተባሉ? በሚቀጥሉት ዝግጅቶቻችን እናነበዋለን።