ፖስታ፣ ለሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ (ኢሉባቦር)

በአሜሪካ ያሉ ወላጆችና ወዳጆች በመቱ፣ በጎሬና በመሳሰሉት የኢሉባቦር ከተሞች ለሚያገለግል የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ ደብዳቤና ጥቅል ይልኩበት የነበረ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች በዘመነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ገደማ ለመምህርነት ሲመጡ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ያቆሙት ፖስታ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኖ ጠብቋቸዋል።

ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ አድራሻው የተቀባዩን ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩንና ከተማውን አሟልቶ መያዝ አለበት። በዚያ ዘመን እጅግ የተወደደው ኤሮግራም ነበር፤ ስስ ሰማያዊ ወረቀት ሆኖ ሲታጠፍ ራሱ ፖስታ የሚሆን፣ በውስጡ ግን ፎቶግራፍም ቢሆን ማስገባት የማይፈቀድበት ነበር። ከዘመድ ርቆ የሌላ ሰው ልጆችን ለሚያስተምር ወጣት፣ በጠባብ ጽሕፈት እስከ ጠርዙ የተሞላ አንድ ኤሮግራም የመንፈስ ስንቅ ነበርና፣ ላኪው ከውድ ስጦታ ይልቅ ደብዳቤ ቢያዘወትር ይመረጥ ነበር። ጥቅል ይዘቱንና ዋጋውን የሚገልጽ የጉምሩክ ቅጽ ያስፈልገዋል፤ ከአዲስ አበባ እስከ መቱ ያለው መንገድም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ረጅም፣ አገሩም ዝናመ ብዙ ስለሆነ፣ መጻሕፍት በላስቲክ ተጠቅልለው ቢላኩ መልካም ነው።