አንድ ከፋይ፦ የሚከፍለው መንግሥት፣ የሚያክመው ሌላ

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ «ሲንግል ፔየር» የሚል ቃል ደጋግሞ ይሰማል። በአማርኛ «አንድ ከፋይ የጤና መድን» ቢባል ሐሳቡን ይይዛል። የአገሩ ሰው በግብር ወይም በመዋጮ አንድ ቋት ይሞላል፤ ሲታመም የሕክምናውን ዋጋ የሚከፍለው ያ ቋት ነው።

ይህ አሠራር በመንግሥት ከሚካሄድ ሕክምና ጋር አዘውትሮ ይምታታል። አንድ ከፋይ የሚመልሰው «ማን ይክፈል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሆስፒታሉ የማን እንደሆነ፣ ሐኪሙም የማን ተቀጣሪ እንደሆነ አይወስንም።

ካናዳ ልዩነቱን ያየችው በትግል ነው። በሳስካችዋን ክፍለ ግዛት የቶሚ ዳግላስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1947 የሆስፒታል መድን ጀመረ። በጁላይ 1962 መድኑ የሐኪም ክፍያንም መሸፈን ሲጀምር፣ የመንግሥት ተቀጣሪ እንሆናለን ብለው የሰጉ ሐኪሞች ለ23 ቀናት ሥራ አቆሙ። አድማው በስምምነት ሲፈታ መድኑ ጸና፤ ሐኪሞቹም በግል መሥራታቸውን ቀጠሉ። ዛሬም አብዛኛው የካናዳ ሐኪም ራሱን ችሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ለሰጠው አገልግሎት ክፍያ የሚጠይቀው ክፍለ ግዛቱን ነው።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ያዘች። የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን የመሩት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጁላይ 5 ቀን 1948 ሲጀመር ሆስፒታሎች የመንግሥት ሆኑ፤ የሆስፒታል ሐኪሞችም ደመወዝተኞች። የቤተሰብ ሐኪሞች ግን በውል የሚሠሩ ሆነው ቀሩ።

አሜሪካ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዛለች። በ1965 የታወጀው ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት የሞላቸውን ይሸፍናል፤ ብዙዎቹ የሚታከሙት የመንግሥት ባልሆኑ ሆስፒታሎች ነው። የቀድሞ ወታደሮች ደግሞ መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድራቸው ሆስፒታሎች አሏቸው።

ልዩነቱ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከአባወራውና ከእማወራዋ ዓመታዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍላል። አባላቱ በአብዛኛው የሚታከሙት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ቢሆንም፣ መድኑና ጤና ጣቢያው ሁለት ተቋማት ናቸው። የመዋጮው መጠንና የሚሸፈነው ሕክምና የመድኑ ጉዳይ ነው። መድኃኒት ሲያልቅና ባለሙያ ሲጎድል ግን ችግሩ ያለው በአቅርቦቱና በሕክምናው በኩል ነው፤ የአባልነት ካርድ ብቻውን መደርደሪያውን አይሞላም። ቅሬታ ያለው አባል የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት የሚያውቀው ሁለቱን ሲለይ ነው።