ሲፒዩአይዲ

ፕሮሰሰርን «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን መላሹ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሃይፐርቫይዘር ነው፤ የፈለገውን ይናገራል፣ ያልፈለገውን ይደብቃል። መቀሌ ሓወልቲ ያለ አንድ ቢሮ ሁለት ሰርቨር አለው እንበል፤ አዲሱ ኤቪኤክስ-512 የተባለውን የትእዛዞች ስብስብ ያውቃል፣ አሮጌው አያውቅም። ቨርቹዋል ማሽኑ ሥራ ላይ እንዳለ ወደ አሮጌው ቢዛወር (የሚከለክለው ቁጥጥር ከሌለ)፣ ስብስቡን የሚጠቀም ፕሮግራም ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ ልኮ ይቋረጣል። ስለዚህ ሁለቱም የሚያውቁት ብቻ ይታያል። መደበቅ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ኪውኢሙ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ነባሪ የፕሮሰሰር ሞዴል ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9ን ለማስነሳት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፣ ገና ሲጀምር ይቆማል። ኤቪኤክስ-512ን ማሳየትም በቃል ብቻ አያልቅም፦ እያንዳንዳቸው 512 ቢት የሆኑ 32 ሬጂስተሮችን ሃይፐርቫይዘሩ ለየማሽኑ ማስቀመጥና መመለስ አለበት።