የኅዳር አሸናፊ ለየካቲት ይደርሳል?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2021፣ ሩካ፣ ፊንላንድ። ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ዝቅ ብላ በምትገኘው በዚህች የበረዶ መንደር የዓመቱ የስኪ ዓለም ዋንጫ ሲከፈት የአጭር ርቀቱን ስፕሪንት ያሸነፈው አሌክሳንደር ቴረንትየቭ የሚባል የ22 ዓመት ሩሲያዊ ነበር። ከኋላው ከቀሩት አንዱ ደግሞ ኖርዌጂያዊው ዮሃነስ ሆስፍሎት ክሌቦ ነው፤ የስፕሪንት ኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ ራሱ። የቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ ሊጀመር ሁለት ወር ከምናምን ነበር የቀረው። ታዲያ የክሌቦ ዘመን አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022 የስፕሪንቱን ወርቅ ያጠለቀው ክሌቦ ነው። ቴረንትየቭ በነሐስ ተመለሰ።

እኛ አገር አቋራጭ ሲባል ትዝ የሚለን ጃንሜዳ ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ግን አገር የሚያቋርጡት በስኪ ነው፤ በሁለት ቀጫጭን መንሸራተቻና በሁለት ዘንግ፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም። ወቅቱ የሚከፈተው በእኛ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ትልቁ ሜዳሊያ የሚታደለው ደግሞ በአብዛኛው በየካቲት። በመሀል ያሉት ወራት የትንበያ ወራት ናቸው፤ ማን ጥሩ አቋም ላይ ነው፣ ማን ወርዷል፣ ማን ደብቋል እየተባለ ይወራል። ጥያቄው ግን የኅዳር ውጤት መቼ ይታመናል የሚለው ነው።

ኅዳር እውነቱን የተናገረበት ዓመት አለ። በ2017 ክሌቦ ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ አሠልጣኙም የገዛ አያቱ ናቸው። ሩካ ላይ ሦስት ቀን የፈጀውን መክፈቻ በአጠቃላይ ውጤት አሸነፈ። ከወራት በኋላ በፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫው አጠቃላይ አሸናፊም ሆነ። የሚያድግ ጥጃ ከገመዱ ያስታውቃል የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ታዲያ ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሩካ ለምን አሳሳተ? አንዱ መልስ ከስልቱ ላይ ነው። ስኪ ሁለት ስልት አለው። ክላሲክ የሚባለው እግርን በተሰመሩ ቦዮች ውስጥ ወደፊት እየገፉ የሚሄዱበት ጥንታዊው ነው። ፍሪስታይል የሚባለው ደግሞ እንደ በረዶ ላይ ጫማ ተንሸራታች ወደ ጎን እየገፉ የሚሄዱበት ፈጣኑ ስልት ነው። ይህኛው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲስፋፋ ክላሲኩን ሊውጠው ደርሶ ስለነበር የዓለም ስኪ ፌዴሬሽን በ1985/86 ወቅት ሁለቱን ለያያቸው። ኦሎምፒክም ውድድሮቹን በየአራት ዓመቱ በስልት ያፈራርቃል። የ2017ቱ የሩካ ስፕሪንት ክላሲክ ነበር፤ የፒዮንግቻንጉም እንደዚያው። የ2021ዱም ሩካ ላይ ክላሲክ ነበር፤ የቤጂንጉ ግን ፍሪስታይል። ቴረንትየቭ ያሸነፈው ውድድርና ክሌቦ ያሸነፈው ውድድር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ አልነበሩም።

ስልቱ አንድ ሲሆንስ? በማግስቱ እዚያው ሩካ የወንዶችን 15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ የአገሩ ልጅ ኢቮ ኒስካነን አሸነፈ። ቤጂንግ ላይም ያንኑ ርቀት በዚያው ስልት ከ20 ሰከንድ በሚበልጥ ልዩነት አሸንፎ ወርቅ ወሰደ፤ ቦልሹኖቭና ክሌቦ ተከትለውት ገቡ። እስካሁን ያስኬዳል። ነገር ግን በዚያው ቀን ሩካ ላይ የሴቶችን 10 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ያሸነፈችው ስዊድናዊቷ ፍሪዳ ካርልሶን ነበረች፤ ቤጂንግ ላይ ደግሞ ወርቁ የኖርዌጂያዊቷ ቴሬሴ ዮሃውግ ሆነ። ካርልሶን ከቤጂንግ የተመለሰችው በዱላ ቅብብል ነሐስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ውድድር ቀን አምስተኛ ሆና የገባችው ጉልበቷ ተሟጦ ነበር። የ33 ዓመቷ ዮሃውግ ግን በግል ውድድር አንድም የኦሎምፒክ ወርቅ ሳይኖራት መጥታ በሦስት ወርቅ ወጣች። ስልቱ አንድ፣ ርቀቱ አንድ፣ ውጤቱ ሌላ።

እዚህ ላይ ነው ሰውነትና አየር የሚገቡት። አንድ የዚህ ደረጃ ተወዳዳሪ በዓመት 800 ሰዓት ገደማ ይለማመዳል፤ የኖርዌይዋ ማሪት ቢዮርገን ከ900 በላይ ያደረሰችበት ጊዜ አለ። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ ወሬ እያወሩ ሊሠሩት የሚቻል ቀላል ልምምድ ነው። በጋውን በሙሉ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይነዳሉ። ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚበስል ነገር ነው። ለኅዳር የተጣደፈ ለየካቲት ሊያልቅበት ይችላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ቦታውም ይለያል። ሩካ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። የቤጂንጉ ውድድር የተካሄደበት ዣንግጂያኮው ግን ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ለአዲስ አበባ ልጅ ቁልቁለት ነው፤ ለስኪ ተወዳዳሪ ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር ከፍታ ነው። በረዶውም በማሽን የተሠራ፣ ደረቅና ስኪ የሚይዝ ነበር። ለዚህ ብለው ኖርዌጂያኖቹ በጃንዋሪ ጣሊያን ተራሮች ላይ ወጥተው ሲዘጋጁ ኮቪድ ያዛቸው። ሄይዲ ቬንግ ኦሎምፒኩ አመለጣት። ሲመን ሄግስታድ ክሩገር አራት ዓመት ቀድሞ ወርቅ ያገኘበትን ውድድር ሳይሮጥ ቀርቶ፣ በኋላ ደርሶ በወንዶቹ የመጨረሻ ውድድር ነሐስ አገኘ። ይህን ኅዳር ከየት ያውቀዋል?

ሕመም ከኮቪድ በፊትም ነበር። በቫንኩቨር 2010 ሁለት ወርቅ የወሰደው ፔተር ኖርቱግ ከሶቺ 2014 ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ዝግጅቱን ሕመም አበላሽቶበት ነበር። በዓመቱ ፋሉን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግን አራት ወርቅ ወሰደ። አንድ መጥፎ ወቅት አይቶ አለቀለት ያለ ሰው በዓመቱ አፈረ።

ደግሞ ኅዳር ለሁሉም እኩል አይደለም። ለክሌቦ መሞከሪያ ነው። ለወጣት ኖርዌጂያን ግን ቤይቶስቶለን ላይ የሚደረገው የአገር ውስጥ መክፈቻ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ ለኦሎምፒክ በአንድ ውድድር ከአንድ አገር የሚሳተፉት አራት ብቻ ናቸው። የእኛን የ10 ሺህ ሜትር ቡድን ምርጫ ጭንቅ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። ለመመረጥ ሲል ኅዳር ላይ ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ አስፈሪ ይመስላል፤ የካቲት ላይ ግን ስሙ አይነሳም።

ከዚህ ሁሉ ርቆ ሌላ ዓይነት ተስፋም አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ነው። ቶሪኖ 2006 ላይ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ 83ኛ ወጣ፤ ቫንኩቨር ላይም ተመለሰ። እንደ እሱ ላለ ሰው የወቅቱ መጀመሪያ ወርቅ የሚተነበይበት አይደለም፤ ኦሎምፒክ የሚያስገባ ነጥብ የሚለቀምበት ነው። ኒስካነን ይህን የተረዳ ይመስላል። ቤጂንግ ላይ ወርቁን ካሸነፈ በኋላ ከመጨረሻው መስመር አልሄደም፤ በመጨረሻ የገባውን ኮሎምቢያዊ ካርሎስ ኪንታናን ቆሞ ጠብቆ ጨበጠው።

እንግዲህ የሚቀጥለው ኅዳር ደርሶ የሩካን ውጤት ስታዩ ከስሙ በፊት ስልቱን እዩ። የካቲት ላይ የሚወዳደሩበት ስልት ያው ነው? ቦታው ምን ያህል ከፍ ይላል? ያሸነፈው ሰውስ ማሸነፍ ነበረበት ወይስ ሲለማመድ ነው ያሸነፈው? ሦስቱም ተሟልተው ትንበያው ሊከሽፍ ይችላል፤ ጉንፋን ቀጠሮ አያከብርም። ቢሆንም ዝም ብሎ ከመገመት ይሻላል።