የዌስትሬይ–ፓፓ ዌስትሬይ በረራ

የዌስትሬይ–ፓፓ ዌስትሬይ በረራ በሰሜን ስኮትላንድ፣ በኦርክኒ ደሴቶች ውስጥ የሚገኙትን የዌስትሬይና የፓፓ ዌስትሬይ ደሴቶች የሚያገናኝ የአየር መስመር ነው። በቋሚ የጊዜ ሰሌዳ ከሚደረጉ የመንገደኞች በረራዎች ሁሉ በዓለም አጭሩ በመሆኑ ይታወቃል።

ርቀትና ጊዜ

በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 2.7 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከኤድንበርግ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። በጊዜ ሰሌዳው 2 ደቂቃ ተመድቦለታል። ነፋሱ ሲመች ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ የተመዘገበው አጭሩ ጊዜ 53 ሰከንድ ነው። በዚህ ስሌት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 183 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል።

አገልግሎት

በረራውን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ ነው። ጉዞው የሚካሄደው ብሪተን-ኖርማን አይላንደር በተባለች ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ሲሆን፣ ይህች አውሮፕላን በአጭር መንደርደሪያ መነሳትና ማረፍ ትችላለች።

የፓፓ ዌስትሬይ ነዋሪዎች ቁጥር 100 አይሞላም። በረራው ለጎብኚዎች ብርቅ ቢሆንም፣ ለደሴቲቱ ሰዎች ግን መምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችን፣ ተማሪዎችንና ታካሚዎችን የሚያመላልስ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። በመሆኑም መስመሩ በመንግሥት ድጎማ ይንቀሳቀሳል። ጎብኚዎች ደግሞ በደሴቲቱ የሚገኘውን ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ናፕ ኦፍ ሃወር የተባለ የድንጋይ መኖሪያ ለማየት ይጠቀሙበታል።